ምግቡ በልቷል?

ከሥራ ያስወጣችኝ አንዲት ክር ናት። በአንዲት የውሃ ቁንጫ ሆድ ውስጥ የምትታይ፣ ከመርፌ ክር የቀጠነች አረንጓዴ ክር። እሷን ለማየት ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣለሁ፤ ድሮ ወዲያው ትታየኝ ነበር። በኋላ በኋላ ብርጭቆው በሙሉ ጭጋግ ሆነብኝ። ወልድያ ሄጄ ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት አየና፣ «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የዓሣ ጫጩት ቤት ነው የምሠራ።»

«ዓሣውን ነው የሚያበሉት?»

«አይ፣ ምግቡን ነው የማበላው» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በሙሉ መንገሬ ነበር።

ስሜ ጦይባ ነው። የሀብሩ ልጅ ነኝ፤ መርሳ ዙሪያ ተወልጄ እዚያው የወለድኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ፊደል ከተዛነፈብኝ የሚያነበው ሰው ያቅናልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ዝም ብሎ አልቀመጥ፣ አፌም አላርፍ ቢል፣ ልጄ ረህማ እስክሪብቶ ሰጠችኝና «እማ፣ እኛን ከምታደክሚ ጻፊው» አለችኝ። ይኸው ፊደሉን ትልልቅ እያደረግሁ እጽፋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ፈሪ እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር፤ አርባው ሳይሞላ ሄደ። ደረቱ ሲያጓራ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። «የአላህ ሥራ ነው» አሉኝ፣ እኔም «የአላህ ሥራ ነው» አልኩ። ረህማ ስትወለድ ግን ፍርሃቱ አብሯት ተወለደ። በተኛች ቁጥር ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ፤ ትንፋሿ ሲነካኝ ነው እኔም የምተነፍሰው። ጎረቤት ይስቅብኝ ነበር። ይሁን እንጂ እንጀራዬን ያገኘሁት በዚሁ ፍርሃቴ ነው ብል ወላሂ አልዋሸሁም።

የዓሣ ጫጩት ማራቢያው ከመርሳ ዝቅ ብሎ፣ ከብርቱካን ማሳዎቹ ወዲያ፣ የመስኖው ቦይ አጠገብ ሲከፈት ኩሬ የሚያጸዱ ሴቶች ይፈለጋሉ ተባለ። ረህማን አዝዬ ሄድኩ። ማንጎ ጥላ ሥር አስተኛኋትና ከሌሎቹ ጋር ጭቃ መዛቅ ጀመርኩ። ሁለት አካፋ እዝቃለሁ፣ ዞር ብዬ ልጄን አያለሁ፤ ደግሞ እዝቃለሁ፣ ደግሞ እዞራለሁ። አንድ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ከቦዩ ማዶ ሲያዩኝ ቆዩና ተሻግረው መጡ።

«አንቺ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው እንዲህ የምትዞሪው?»

«ምንም አልጠፋብኝ፣ አባባ። ልጄን እያየሁ ነው።»

«ተኝታ የለም እንዴ?»

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ።»

ሳቁ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ቢሮ ዞረው ጮክ ብለው፣ «አገኘሁ! ለጫጩት ቤቱ የምትሆን ፈሪ ሴት አገኘሁ!» አሉ።

ጋሽ ይመርን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። የጉባ ላፍቶ ደገኛ፣ ክርስቲያን፣ በጉርምስናቸው ሐይቅ ወርደው ከዓሣ አጥማጆች ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። «ደፋር ሰው ለኩሬ ነው» ይሉ ነበር። «ጫጩት ቤት የሚገባ ግን ሄዶ ሳያይ እንቅልፍ የማይወስደው መሆን አለበት።»

ሥራውን ላላየ ሰው ላስረዳ። የአምባዛ ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ ስንቁን ሆዱ ሥር ቋጥሮ ነው። ስንቁ ሲያልቅ አፉን ይከፍታል፤ አፉ ግን የሰናፍጭ ፍሬ አታህልም። ደረቅ መኖ ብትበትኑለት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚያሳድደው። ለዚህ ነው የውሃ ቁንጫ የምናረባው። እበት በኬሻ ቋጥረን ገንዳ ውስጥ እንነክራለን፤ ፀሐይ ሲመታው ውሃው እንደ ጎመን ይለመልማል፤ ቁንጫዋ በዚያ አረንጓዴ ውሃ ትረባለች። ቁንጫ ስላችሁ የምትናከሰዋ እንዳትመስላችሁ። ይቺ ውሃ ውስጥ ዝልል ዝልል የምትል፣ አሸዋ የምታህል፣ ገላዋ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ፍጥረት ናት።

መንደሩ ይህን ሲሰማ መቼም አልተወኝም። «የመርሳ ሴት ብርቱካን ትሸጣለች፣ ጦይባ ቁንጫ ታረባለች!» ይሉኝ ነበር። ባሌ ሰይድ እንኳ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ያቆመኝና «ቀሚስሽን አራግፊና ግቢ» ይለኛል።

ታዲያ ቁንጫ ማርባት ብቻ አይበቃም። ጋሽ ይመር ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ይኸንን ነው። አንድ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ አነሡና፣ «ሆዷን እይ» አሉኝ።

«ምንም የለበትም፣ ጋሼ።»

«ምንም የሌለባትን የበላ ዓሣ ምን አገኘ?»

«ምንም።»

«ቁንጫዋ ቅል ናት፣ ልጄ። ባዶ ቅል አትስጪው። ሞልተሽ ስጪው።»

አሞላሉ እንዲህ ነው። የእንቁላል አስኳል በጥሬው ከነጩ እንለያለን። ትንሽ እርሾ፣ ከአዲስ አበባ በጠርሙስ የሚመጣ የዓሣ ዘይት ጠብታ፣ ለብ ያለ ውሃ እንጨምርበትና ወተት እስኪመስል እንመታዋለን። ዘይቱ ዓይን ሠርቶ ከላይ ከታየ አልተመታም ማለት ነው፤ እንደገና። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ እናጠልለዋለን። የቁንጫው ባልዲ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እንጨምራለን፤ ከበዛ ውሃው ይሸታል። እኩለ ቀን ላይ የመርሳ መስጊድ ዙሁር አዛን ሲል ብርጭቆ አነሣለሁ፤ ሆዳቸው ውስጥ ከአረንጓዴዋ ጋር ወደ ቢጫ የሚያደላ መስመር ከታየኝ ጠግበዋል። በወንፊት አውጥቼ በንጹሕ ውሃ አለቀልቅና ሳልውል ሳላድር ለጫጩቶቹ። ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአስር ሰላት ድረስ ካቆየኋቸው የበሉትን ፈጭተው ጨርሰው፣ ተመልሰው ባዶ ቅል ናቸው።

ጋሽ ይመር ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደርሽ» ከማለታቸው በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበረች፤ «ምግቡ በልቷል?»

በሁዳዴ እሳቸው ይጾማሉ፣ በረመዷን እኔ እጾማለሁ። ጥያቄዋ ግን አትጾምም። «እነዚህ ሃይማኖት የላቸውም፣ ቶሎ አቅርቢላቸው» ይሉኛል። እጃቸውን ሲታጠቡ ሳሙና አይነኩም፤ ሳሙና ቁንጫ ይፈጃል። የማጥለያ ነጠላቸውንም ለማንም አያሳጥቡም፤ ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው አስጥተው፣ ከጠላ ማጥለያ እንዳይቀላቀል ቆባቸው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። ሰው ሰላም ለማለት ቆብ ሲያነሱ ነጠላው ትከሻቸው ላይ ዱብ ይላል፤ እኛ እንስቃለን፣ እሳቸው አይስቁም።

ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ቋሚ የሆንኩበት ወረቀት እስኪመጣም ኃላፊ ሦስቴ ተቀያይሯል። የዚያን ጊዜ ሐሳቤ ግን ደመወዙ አልነበረም። ረህማ ነበረች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር ክንዷን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባለው መለኪያዋ ለካችና ቢጫው ላይ አቆመች። «ከዚህ ወደ ቀዩ እንዳትወርድ» አለችኝ። ያረቢ፣ እንዴት እንዳደርኩ! አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ይቺኛዋም ልትሄድብኝ ነው ብዬ በማግስቱ ሥራ ቦታ እያለቀስኩ አስኳል እመታ ነበር።

ጋሽ ይመር አጠገቤ መጡ። «ምግቡ በልቷል?» አሉኝ።

«አሁን ልሰጣቸው ነው፣ ጋሼ።»

«ቁንጫውን አይደለም የጠየቅሁሽ» አሉና በአገጫቸው ወደ ደረቴ፣ ረህማ ተጣብቃ ወደምትጠባው ጡቴ አመለከቱ። «ለዚች ልጅ ምግቧ አንቺ ነሽ። ትላንት ምን በላሽ?»

አፈርኩ። እኛ ቤት አባወራው ይበላል፣ አማቴ ትበላለች፣ የተረፈ ካለ እኔ። ጠዋት ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። ይህን ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ እሳቸው ግን ዝምታዬን ሰሙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአስኳሉ የተለየውን ነጭ፣ ዱሮ ለጥበቃው ውሻ የምንደፋውን፣ በብረት ድስት ጠብሰው፣ ዳቦ ጨምረው ከፊቴ ያኖራሉ። «አስኳሉ ለቁንጫ፣ ነጩ ለጦይባ!» እያሉ ግቢውን ሁሉ ያስቁብኛል። ሳልጨርስ ከአጠገቤ አይነሡም። የጤናዋም ልጅ «የምታጠባ እናት ጨምራ ትብላ» ብላኝ ነበር፤ የጨመሩልኝ ግን ጋሽ ይመር ናቸው። ከአማቴ ጋር በዚህ መነጋገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሰይድ ግን፣ አላህ ይስጠው፣ አንድ ቀን የራሱን ድርሻ ከፍሎ ፊቴ አደረገና «ቁንጫ እንኳ ይበላል አይደል» አለ። የረህማ ክንድ አረንጓዴው ላይ ገባ። አልሐምዱሊላህ።

ከዓመታት በኋላ ሰብለ መጣች፤ የመጨረሻዋ ኃላፊያችን። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ባጃጅ ላይ ስትሆን እንኳ የምታነብ ልጅ። እኔን «እትዬ ጦይባ»፣ እሳቸውን «ጋሼ» ትላለች። ጋሽ ይመር ስለ እሷ «ይቺ ልጅ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች» ብለውኛል፤ ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

አሁን ወደ ክፉው ጊዜ ልመለስ። መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ ምንም የማይገባበት ወቅት ነበር። የዓሣ ዘይቱ አለቀ። ሰብለ ለስብሰባ ወልድያ እንደሄደች ስልክም ጠፋ። ጫጩት ቤቱ ግን ሙሉ ነው፤ ስንቃቸውን ጨርሰው አፋቸውን የከፈቱ ናቸው። ያን ጊዜ ገበያው ባዶ ስለነበር የውርጌሳ ገበሬዎች ኩሬ ቆፍረው፣ ውሃ ሞልተው እነዚያን ጫጩቶች እየጠበቁ ነው።

ጋሽ ይመር ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «ቁንጫው ያለ ስብ ባዶ ነው። ምን እናድርግ?» አሉ። መልሰው እሳቸው፣ «እኛ አገር ልጅ ሲወለድ አስቀድሞ አፉ ምን ይገባል?» ሲሉ ሁላችንም በአንድ አፍ «ቅቤ!» አልን።

ማን ይጠራጠራል? እኛ ሁላችን ቅቤ ውጠን ያደግን ነን። ክርስቲያኑም እስላሙም አራስ ልጅ ቅቤ ያስውጣል፤ አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ያጠነክረዋል ይባላል። ከመርሳ ገበያ የተገኘውን ለጋ ቅቤ ገዝተን መጣን። አነጠርነው፣ ከአስኳል ጋር መታነው። አረፋው እንዴት ያምር ነበር! ቁንጫዎቹም በሉት፤ ሆዳቸው ውስጥ ወርቅ የመሰለ መስመር አየሁ። ለጫጩቶቹ ሰጠን። ለእነሱም እንደ አራስ ልጅ እልል ማለት ነበር የቀረን።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፤ ሁልጊዜም የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። በሩን ስከፍት ውሃው አያብረቀርቅም። የቀዘቀዘ ወጥ ፊት መስሏል። ጫጩቶቹ ከሥሩ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ላይ ይከፍታሉ፣ ይከፍታሉ፤ ያ ነገር አላሳልፍ ብሏቸዋል። የሞቱት ታች ተኝተዋል። ባልዲ ይዤ ሮጥኩ፤ ሁላችንም ሮጥን፤ ውሃ ቀየርን፣ ላዩን በጨርቅ ገፈፍን። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አንድ የሚንቀሳቀስ አልቀረም።

ሰብለ በዚያው ቀን ከወልድያ በጭነት መኪና ላይ ሆና ደረሰች። ጣቷን በገንዳው ጠርዝ አሻሸችና አሳየችን። «ረግቷል» አለች። «ቅቤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ላዩን ሸፈነው፣ አየር ከለከላቸው። ደግሞም ለዓሣ የሚሆነው ስብ የዚህ ዓይነት አይደለም።»

ጋሽ ይመር ቆባቸውን አወለቁ። ነጠላው መሬት ወደቀ፤ አላነሡትም። ወጥተው ቦዩ ዳር ተቀመጡ። ሰብለ ተከትላቸው «ጋሼ፣ እኔም ብኖር ቅቤውን አልከለክልም ነበር ይሆናል፤ ያወቅሁት አሁን ካየሁ በኋላ ነው» ብትላቸውም አልተመለሱም። በየቀኑ መጥተው ቦዩ ዳር ይውላሉ እንጂ ጫጩት ቤቱ አይገቡም።

ሰብለ ግን አንዲት እንቁላሏ የደረሰ እናት ዓሣ እንደቀረችን ታውቃለች። «ተልባ» አለችኝ። «የተልባ ዘይት ቢቀዘቅዝም አይረጋም። ለዓሣ ከሚያስፈልገው ስብ የሚቀራረብ አለበት የሚል አንብቤያለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም፣ እትዬ። መጀመሪያ በአንድ ባልዲ እንሞክረው።» ከወልድያ ዘይት መጭመቂያ አንድ ጠርሙስ አስመጣች። እናቲቱን አስወለድን። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ስንቃቸው እያለቀ ሲመጣ ደግሞ ያ የዱሮ ፍርሃቴ ያዘኝ። ብቻዬን አልቻልኩም። ቦዩ ዳር ወረድኩ።

ጋሽ ይመር ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ምግቡ በልቷል?»

«ምን አልሽ?»

«እኔንጃ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሆዳቸው አልታየኝ አለ። ምግቡ መብላቱን የሚያይልኝ ሰው አጣሁ።»

«ደግሞ ምን አበላሻቸው?» አሉ።

«ተልባ።»

«ተልባ?» ብድግ አሉ። «ለሆድ ድርቀት ነው እንዴ!»

ለብዙ ቀን ሳልስቅ የከረምኩት ሴትዮ ሳቅሁ። መጥተው ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሡ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የባልዲውን ውሃ ላዩን በጣታቸው ነክተው አሸቱ። «አልረጋም» አሉ። «ስጫቸው። ቢስሚላሂ በይ።» እሳቸው አማተቡ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ። ጫጩቶቹ ቁንጫውን እያሳደዱ ሲቀልቡ አይተን እዚያው ተቀመጥን፤ ውሃው ሲያድርም ሲያብረቀርቅ አደረ። ለውርጌሳ ገበሬዎች የደረሰላቸው ይኸኛው ነው። የተጠበቀውን ያህል አልነበረም፤ ግን ደረሰ። የዓሣ ዘይቱ ከገባ በኋላም ሰብለ የተልባውን ጠርሙስ አላስወገደችም።

ጋሽ ይመር ጡረታ ሲወጡ ማጥለያ ነጠላቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ሲሞቱ ደጋ ወጥቼ አልቅሻለሁ፤ ቤተሰባቸው እናቴ ቤት የገባሁ ያህል ነው የተቀበሉኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ሲደክም ተሰናበትኩ። አሁን ጫጩት ቤቱ ውስጥ ማጉያ መነጽር ገብቷል፤ ልጆቹ ብርጭቆ ወደ ፀሐይ አያነሡም፣ አጎንብሰው ነው የሚያዩት። ደስ ይለኛል፤ እንደ እኔ ዓይናቸው አይጎዳም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን የሰሞኑ ነገር ነው። ረህማ ወለደች። ወንድ። መርሳ ጤና ጣቢያ ወልዳ ቤት ገባን። አማቷ እት ሀዋ ከውርጌሳ መጡ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ሳይደክሙ አራስ የሚያርሱ። ከጋቢያቸው ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጡ። በጣታቸው ጠቀስ አድርገው ወደ ሕፃኑ አፍ ሲጠጉ ያ የረጋ ውሃ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ አፉን የሚከፍት፣ የሚከፍት...

«እህቴ፣ ቆይ!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። የልጅ አማት እጅ መያዝ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

«ምነው?» አሉ እት ሀዋ። «እኔ ልጆቼን በሙሉ በዚህ ነው ያሳደግሁ።»

«ያሳድግልዎ። የጤናዎቹ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ምንም አይግባው ብለዋል።»

«የጤናዎቹ!»

«እኔም ገንዳ ሙሉ ጫጩት በቅቤ ሲያልቅ አይቻለሁ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! የልጄን ልጅ ከዓሣ ጋር ነው የምታወዳድሪው?»

«ከዓሣ አይደለም፣ እህቴ» አልኳቸው። «ከራሴ ልጅ ጋር ነው። የመጀመሪያው ቅቤ ውጦ ነበር። በዚያ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ አላህ ነው የሚያውቀው። ደረቱ ሲያጓራ ግን ሰምቻለሁ። ይኸንን ልጅ ይማሩኝ።»

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለረህማም። እት ሀዋ ጣታቸው ላይ ያለውን ቅቤ አዩ። እኔን አዩ። ቅቤው ጣታቸው ላይ እየቀለጠ ወደ መዳፋቸው ወረደ።

ከአልጋው ላይ የደከመ ድምፅ መጣ። «እማ» አለች ረህማ፣ «ምግቡ አልበላም።»

ዞር አልኩ። ለካ ሰው ሁሉ ሕፃኑን ሲከብ እሷ ከጤና ጣቢያ ከወጣች ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። በማንጎ ጥላ ሥር ያደገች ልጅ ናት፤ የጋሽ ይመርን ጥያቄ ከእኔ ጡት ጋር ነው የጠባችው።

«ምን አለች?» አሉ እት ሀዋ።

«የልጁ ምግብ እኔ ነኝ፣ እማማ» አለቻቸው እየሳቀች። «እኔ ደግሞ ራበኝ።»

እት ሀዋ ከአልጋው ወደ ቅቤው፣ ከቅቤው ወደ አልጋው አዩ። ከዚያ ቅጠሉን ጠቅልለው ብድግ አሉ። «ዱቄቱ የት ነው ያለው?» ብለው ጮሁ። ጥቂት ቆይተው የሚጨስ ገንፎ ይዘው መጡ፤ መሀሉን ጎድጉደው ያን ቅቤ ሁሉ፣ ለሕፃኑ ያመጡትን በሙሉ፣ እዚያ ውስጥ አፍስሰውታል። በርበሬ በላዩ ላይ ነሰነሱና ረህማን በእጃቸው ማጉረስ ጀመሩ። «ብይ፣ ብይ፣ አንቺ ዓሣ» ይሏታል።

ከበላች በኋላ ልጁን አስጠጋሁላት። ጣቴን እንደ ልማዴ አፍንጫው ሥር አደረግሁ፤ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ነካኝ። ፊቱ ለዓይኔ ጭጋግ ነው፤ ጡቱን መያዙንም በደንብ አላየሁም። ሲውጥ ግን ሰማሁ።